እንቁላሉ ከመንሳፈፉ በፊት

የወንድሜ ልጅ፣

ትናንት ማታ ደውለሽ «ጋሼ፣ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዐውደ ርዕይ እንቁላል በጨው ውሃ ላንሳፍፍ ነው፤ ለአንድ ሊትር ስንት ማንኪያ ጨው ይበቃል?» ስትዪኝ መልሱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። መልሼ ዋጥኩት። ቁጥሩን ብነግርሽ ሥራሽ እዚያው ያልቅ ነበር። ፊዚክስ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህ እንቁላል ያልቀረበበት ዐውደ ርዕይ ትዝ አይለኝም። ሁለት ብርጭቆ፣ በአንዱ የሰጠመ፣ በሌላው የተንሳፈፈ፣ ከኋላቸው በማርከር የተጻፈ ካርቶን። ዳኛው ቆም ይላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያልፋል። ልጁ አሳየ እንጂ አልሞከረም። አንቺ እንድትሞክሪ ስለምፈልግ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩልሽ። ምክሮቹን በተራ ቁጥር የከፋፈልኳቸው ደውለሽ ስትጠይቂኝ እንዲመቸን ነው፤ ሁሉም እኩል አይመዝኑም።

1. መልሱን የምታውቂውን ጥያቄ ተዪው።

እንቁላል ጨው ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ታናሽ ወንድምሽም ያውቃል። ሙከራ የሚባለው ልትሳሳቺ የምትችዪበት ሲሆን ነው። እስቲ የሰፈራችሁን ሱቅ አስቢው፤ የሐበሻ እንቁላልና የፈረንጅ እንቁላል ጎን ለጎን ተደርድሯል። «በትንሽ ጨው የሚንሳፈፈው የትኛው ነው?» ብለሽ ቤተሰቡን ጠይቂ። «የሐበሻው ነዋ፣ ትንሽ ስለሆነ ይቀላል» የሚልሽ አይጠፋም። ከ2,200 ዓመታት በፊት በሲራኩስ የኖረው አርኪሜዲስ ግን በዚህ አይስማማም። ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ገፍቶ ቦታውን የሚይዝበት ውሃ አለ፤ ያ የተገፋው ውሃ በሚመዝነው ልክ ነገሩ ወደ ላይ ይገፋል። ትንሹ እንቁላል ራሱም ቀላል ነው፣ የሚገፋውም ውሃ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወሳኙ ትልቅነቱ ወይም ትንሽነቱ ሳይሆን እፍግታው ነው፤ መጠነ ቁሱ ለይዘቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር።

እንግዲህ ሞከርሽውና የሐበሻው ቀድሞ ተንሳፈፈ እንበል። አርኪሜዲስ ተሸነፈ ማለት ነው? ቆዪ። የሐበሻው እንቁላል ከገጠር የመጣ ነው፤ ባለቤቲቱ ለገበያ እስኪጠራቀምላት እህል ውስጥ ቀብራ አሥር ቀን አቆይታው ይሆናል። የፈረንጁ ደግሞ ትናንት ከእርባታ የወጣ ሊሆን ይችላል። ታዲያ የለካሽው ዝርያውን ነው ወይስ ዕድሜውን? ይህ ሲገባሽ ነው ዋናው ጥያቄ ብቅ የሚለው፦ እንቁላል አንድ ቀን በቆየ ቁጥር እፍግታው በስንት ይቀንሳል? የዚህ መልስ እንደ ቤቱ ሙቀትና እንደ አየሩ ድርቀት ስለሚለያይ «ለእናንተ ቤት» ተብሎ የተጻፈበት መጽሐፍ የለም። ጥሩ ጥያቄ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

2. ለምን እንደሚቀል ቀድመሽ እወቂ።

የእንቁላል ቅርፊት ድፍን ይመስላል እንጂ በሺህ የሚቆጠሩ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነሱ በኩል የውስጡ ውሃ ቀስ እያለ ይተናል፣ በምትኩ አየር ይገባል። በሰፊው ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ እየሰፋ ይሄዳል። ቅርፊቱ ግን እንደ ሎሚ አይጨማደድም፣ ይዘቱ ያው ነው። ክብደቱ ቀንሶ ይዘቱ ካልቀነሰ እፍግታው ይወርዳል።

ዕለቱን የተጣለ እንቁላል በሚሊ ሊትር 1.08 ግራም አካባቢ ነው፤ የቧንቧ ውሃ 1.00 ነው በይው። እጅግ ያረጀው ከ1.00 በታች ወርዶ ባዶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እናትሽ የተጠራጠረችውን እንቁላል ውሃ ውስጥ ጣል አድርጋ የምታየው ይህንኑ ነው። እሷ «ደህና ነው» ወይም «ተበላሽቷል» የሚል መልስ ብቻ ስለምትፈልግ ባዶ ውሃ ይበቃታል። አንቺ ግን በ1.08 እና በ1.00 መካከል ያለውን መንገድ ሁሉ ማየት ትፈልጊያለሽ። ጨው ያስፈለገሽ ለዚህ ነው፤ እዚህ ሥራ ላይ ጨው ማስመሪያሽ ነው።

መላ ምትሽን በቃል ብቻ አትጻፊ። «ዕድሜው ሲጨምር ይቀላል» ማንም ይላል። «ከ20 ቀን በኋላ ይህን ያህል ይሆናል» ብለሽ ቁጥር ጻፊ፣ ቀን ጻፊ፣ ፈርሚ። ብትሳሳቺ የሚያፍር የለም።

3. ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪ።

የብዙ ተማሪ ሥራ የሚበላሸው ውሃው ላይ ሳይሆን ቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ዕድሜው በትክክል 20 ቀን የሆነ እንቁላል በዐውደ ርዕዩ ዋዜማ ከሱቅ አይገዛም፣ ባለሱቁም ዕድሜውን አያውቀውም። ስለዚህ ዛሬውኑ ዶሮ የሚያረባ ጎረቤት ፈልጊ። በሁለት ቀን ውስጥ የተጣሉ 10 እንቁላሎች ግዢ፣ የተጣሉበትን ቀን በእርሳስ ቅርፊቱ ላይ ጻፊ፣ ሁሉንም አንድ ሣጥን ውስጥ፣ ከምድጃ አርቀሽ አስቀምጪ።

አምስቱን በየአራት ቀኑ ትለኪያለሽ። ሌሎቹን አምስት እስከ መጨረሻው ቀን እንዳትነኪ። ምክንያቱን ልንገርሽ፦ አዲስ እንቁላል ቅርፊቱን የሚሸፍን ስስ ልባስ አለው፤ ጨው ውሃ ውስጥ እየገባ፣ እየታጠበ፣ እየተወለወለ ሲሄድ ያ ልባስ ሊነሣና እንቁላሉ ካለ ልማዱ ቶሎ ሊደርቅ ይችላል። ስትለኪው እየለወጥሽው ነው ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን የተነኩትና ያልተነኩት አምስት አምስቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ልብሽ ይረፍ። ከተራራቁም ሌላ ግኝት አገኘሽ።

ሥራው ሁዳዴ ላይ ከዋለልሽ ዕድለኛ ነሽ፤ እንቁላል ይረክሳል፣ ቤት ውስጥም የሚበላብሽ የለም። ፋሲካ ሲቃረብ ግን ዋጋው ይንራል፣ የአንቺም እንቁላሎች በዓይን ለዶሮ ወጥ ይታጫሉ። ሣጥኑ ላይ «አይነካም» ብለሽ በትልቁ ጻፊ።

4. ጨዉን ቆጥረሽ እፍግታውን ያወቅሽ እንዳይመስልሽ።

ይህን ስሕተት ከተማሪም ከአስተማሪም አይቻለሁ። አንድ ሊትር ውሃ 1,000 ግራም፣ ጨው 100 ግራም፣ ድምር 1,100፤ ለ1,000 ሚሊ ሊትር ሲካፈል 1.10 ይላሉ። እውነቱ 1.064 አካባቢ ነው። ጨው ሲሟሟ ውሃው ይጨምራል፤ ከ1,000 ወደ 1,030 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳል። የሚገርመው ደግሞ ጭማሪው ጨዉ ብቻውን ደረቅ ሳለ ከሚይዘው ቦታ ያነሰ መሆኑ ነው። 100 ግራም የጨው ድንጋይ 46 ሚሊ ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን የውሃው ቅንጣቶች ከጨዉ ቅንጣቶች ጋር ተጠጋግተው ስለሚሰፍሩ የሚጨምረው 30 ከምናምን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አያቶቻችን ሲገበያዩበት የነበረው አሞሌም፣ ዛሬ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨውም ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በተለይ በክረምት። እርጥብ ጨው 100 ግራም ሲመዝን ከዚያ ውስጥ ውሃ አለበት። ስለዚህ የጨዉን ግራም መዝግቢ፣ ግን አትመኚው። እፍግታውን በቀጥታ ለኪ።

ዘዴው ቀላል ነው። አንድ የለስላሳ ጠርሙስ አጥበሽ አድርቂ፤ ሃይላንድ አይሆንም፣ ሲጨበጥ ይዘቱ ይለወጣል። ባዶውን መዝኚ። እስከ አፉ ጢም አድርገሽ በቧንቧ ውሃ ሙዪና መዝኚ። ደፍተሽ በጨው ውሃ ሙዪና መዝኚ። የውሃው ብቻ 310 ግራም፣ የጨው ውሃው 332 ግራም ቢሆን፣ 332 ለ310 ሲካፈል 1.071 ነው። አለቀ።

5. ሙቅ ውሃ አትጠቀሚ። ይህን የምለው ተዋርጄ ነው።

ጀማሪ መምህር ሳለሁ ቤቴ ሞክሬ፣ ጨዉን መዝኜ፣ ተማምኜ ክፍል ገባሁ። ጨው ቶሎ ይሟሟልኝ ብዬ ውሃውን እጅ እስኪያቃጥል አሙቄዋለሁ። እንቁላሉን በማንኪያ አስገባሁት፤ ሰጠመ። ስድሳ ተማሪ ሳቀ። ጨዉ መጥፎ ነው፣ ከሌላ ሱቅ መግዛት ነበረብኝ አልኩ። ማሰሮውን መስኮቱ ላይ ትቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከእረፍት ስንመለስ እንቁላሉ ማንም ሳይነካው ከላይ ብቅ ብሏል። «ቲቸር፣ ሐሳቡን ቀየረ» አለኝ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ።

ያን ዕለት ማታ ነው ነገሩ የበራልኝ። ባዶ ውሃ በ20 ዲግሪ 0.998 ነው፤ በ60 ዲግሪ 0.983 ይሆናል። ጨው ውሃም እንዲሁ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይሳሳል። አንድ በመቶ ተኩል ትንሽ ይመስላል፤ እንቁላል ከመስጠም ወደ መንሳፈፍ የሚሻገረው ግን እንዲህ ባለች ጠባብ በር ነው። ደግሞ ለምን ብለሽ ታሞቂዋለሽ? ሙቀት የጨዉን አሟሟም ያፈጥነዋል እንጂ የሚሟሟውን መጠን እምብዛም አይጨምረውም፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በቀዝቃዛውም በሙቁም ከ36 እስከ 37 ግራም ጨው ይዞ ይጠግባል። ማታ አማስለሽ እስከ ጠዋት ተዪው። ቴርሞሜትር ካገኘሽ በየልኬቱ ሙቀቱን ጻፊ።

6. መሀል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ እንቁላል ካየሽ ተጠራጠሪ።

ሁሉም ሰው የሚወደው ትርዒት ነው፤ እንቁላሉ ወለሉንም ሳይነካ፣ ላዩንም ሳይነካ መሀል ይቆማል። «የእንቁላሉና የውሃው እፍግታ እኩል ሆነ» ተብሎ ይጨበጨባል። ብዙ ጊዜ ግን የሆነው ጨዉ በደንብ አለመማሰሉ ነው። ከታች ወፍራም ጨው ውሃ፣ ከላይ ቀለል ያለ ውሃ ተኝቷል፤ እንቁላሉ የታችኛው ላይ ተንሳፍፎ፣ የላይኛው ውስጥ ሰጥሞ ነው። ለማረጋገጥ በማንኪያ ቀስ አድርገሽ ወደ ታች ግፊው። ወደ ቦታው ከተመለሰ ውሃው ድርብርብ ነው። በደንብ በተማሰለ ውሃ ውስጥ እንቁላል መሀል ላይ አይረጋም፤ ቀስ ብሎም ቢሆን ወይ ይወጣል፣ ወይ ይወርዳል።

ስለዚህ «ተንሳፈፈ» ማለት ምን እንደሆነ ከመጀመርሽ በፊት ወስኚና ጻፊ። እኔ ብሆን «ወደ ወለሉ ገፍቼ ስለቀው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ላዩ ላይ ብቅ ካለ» እላለሁ። ቅርፊቱ ላይ የተለጠፉ የአየር አረፋዎችንም በጣትሽ ጥረጊያቸው፤ እንደ ሕፃን መዋኛ ጎማ ወደ ላይ ይጎትቱታል።

አንድ ነገር ደግሞ ጎንበስ ብለሽ ተመልከቺ። ጨዉ እየበዛ ሲሄድ እንቁላሉ ድንገት አይነሣም። መጀመሪያ በጎኑ ተኝቶ የነበረው ሰፊ ጫፉን ያነሣል፣ ከዚያ በቀጭኑ ጫፍ እንደ እሽክርክሪት ይቆማል፣ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ወለሉን ይለቃል። የአየር ኪሱ ወዴት እንዳለ ሳትሰብሪው አሳየሽ ማለት ነው።

7. በጨው ለኪ፣ በሚዛን አረጋግጪ።

የእንቁላሉን እፍግታ በሚዛን ብቻም ማግኘት ይቻላል። ጆግ ውስጥ ውሃ አድርገሽ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጪ፣ ቁጥሩን ያዢ። እንቁላሉን በክር አስረሽ፣ ወለሉንም ጎኑንም ሳያስነኩ ውሃው ውስጥ አንጠልጥዪው። ሚዛኑ የሚጨምረው ግራም የተገፋው ውሃ ግራም ነው፤ ይህም የእንቁላሉ ይዘት በሚሊ ሊትር ነው። አርኪሜዲስ ዓይንሽ ፊት ቆመ።

ችግሩ ግን ይኸው፦ እንቁላሉ 55 ግራም፣ የተገፋው ውሃ 51 ግራም ቢሆን፣ እፍግታው 1.078 ነው። ሚዛኑ በአንድ ግራም ቢሳሳትና 52 ቢልሽ 1.058 ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዲት ግራም የብዙ ቀን ዕድሜ ዋጠች። በጨው ስትሄጂ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ 5 ግራም ጨው ስትጨምሪ እፍግታው የሚነሣው በ0.003 ብቻ ነው። ያው የወጥ ቤት ሚዛን፣ ያው ግራም፣ ግን ስድስት ሰባት እጥፍ የጠራ ልኬት። ይህን ለዳኞች ማስረዳት ከቻልሽ ሌላው ሁሉ ቢቀር አይቆጨኝም።

አለካኩም እንዲህ ይሁን። እንቁላሉ እስኪነሣ ድረስ 5 ግራም፣ 5 ግራም እየጨመርሽ አማስዪ። ሲነሣ አታቁሚ፤ አሁን ደግሞ እስኪሰጥም ድረስ ንጹሕ ውሃ በማንኪያ እየጨመርሽ ተመለሺ። ሲነሣና ሲሰጥም የነበረውን እፍግታ በጠርሙስሽ ለክተሽ አማካዩን ውሰጂ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ሬዲዮ ክፈቺ።

ወርቅ ሠሪ የምታውቁ ከሆነ በትሕትና ለምኑት፤ ሚዛኑ የግራም መቶኛን ያሳያል። እንቁላሎቹን በየአራት ቀኑ እሱ ዘንድ ብትመዝኚ ከእያንዳንዱ የወጣውን ውሃ በቀጥታ ታዪዋለሽ።

8. ጊዜ ከተረፈሽ ብቻ፦ የስትሮ መለኪያ።

የስትሮ አንድ ጫፍ በጧፍ ሰም ድፈኚ፣ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጥቂት አሸዋ ጨምሪበት። ባዶ ውሃ ውስጥ 100 ሚሊ ሜትር ከጠለቀ፣ እፍግታው 1.07 በሆነ ጨው ውሃ ውስጥ 93 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይጠልቃል። የወተት ሰብሳቢ ማኅበራት ውሃ የተጨመረበትን ወተት የሚለዩበት ላክቶሜትር የዚሁ ስትሮ ታላቅ ወንድም ነው፤ ደህና ወተት 1.03 አካባቢ ነው፣ ውሃ ሲገባበት ወደ 1.00 ይወርዳልና መለኪያው ጠልቆ ያጋልጠዋል።

9. በእስክሪብቶ ጻፊ፣ አትደልዢ።

የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዘሽ ከጎኑ ጻፊ። ከአምስቱ አንዱ እንቁላል ከሌሎቹ የተለየ ቁጥር ቢሰጥሽ እንዳትጥዪው። ቅርፊቱን ወደ ብርሃን አድርገሽ እዪው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ስንጥቁን ካገኘሽ ጻፊው፤ ካላገኘሽም ቁጥሩን እንዳለ ግራፉ ላይ አስቀምጪ። ጥሬ እንቁላል ከነካሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና መታጠብ አትርሺ፤ ይህን እናትሽ ትነግርሻለች።

10. ዳኞች የሚጠይቁሽን ቀድመሽ ጠይቂ።

«እንቁላልሽ ቀይ ባሕር ላይ ይንሳፈፋል?» ሊሉሽ ይችላሉ። ባሕር ጨው ስለሆነ አዎ ለማለት ትቸኩያለሽ። አይንሳፈፍም። የባሕር ውሃ 1.03 እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ ትኩስ እንቁላል 1.08 ነው፤ ይሰጥማል። ጂቡቲ ውስጥ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛው የአሳል ሐይቅ ግን እንደ ቡሽ ይይዘዋል። እስራኤል ያለችው አክስትሽ ተንጋላ ጋዜጣ እያነበበች ፎቶ የላከችልን ሙት ባሕርም እንዲሁ፤ እሱ 1.24 ነው፣ አንቺ ወጥ ቤት ውስጥ በገበታ ጨው ብቻ ከምትደርሺበት 1.20 ይበልጣል፣ ሌሎች ጨዎችም ስላሉበት።

«ጨረቃ ላይ ብትሠሪውስ? የስበት ኃይሉ ትንሽ አይደል፣ በትንሽ ጨው አይንሳፈፍም?» የሚል ተንኮለኛ ዳኛም አይጠፋም። እኔ ብሆን ይህንኑ ነው የምጠይቅ። ስበት ሲቀንስ እንቁላሉም ይቀላል፣ የሚገፋው ውሃም በዚያው ልክ ይቀላል። ጨዉ ያው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ይህ ውጤት ስሕተት ሊሆን የሚችለው በምን ምክንያት ነው?» የሚለው ነው። ያልተነኩት አምስት እንቁላሎች ለዚህ ነው የተቀመጡት። እነሱን ከሣጥኑ አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪያቸው።

11. ሲያልቅ።

ጨው ውሃውን የእናትሽ ጤና አዳም ሥር እንዳትደፊው። እኔ አንድ ጊዜ ከእኅቴ ቤት ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ሙከራ ጨርሼ ባልዲውን አጥሩ ሥር ገለበጥኩት። በሳምንቱ ጤና አዳሙ ከነሥሩ ደረቀ። ይኸው እስከ ዛሬ ቡና ሲፈላና ጤና አዳም ሲጠራ እኅቴ ወደ እኔ ዞር ትላለች። በቧንቧ ውሃ እያቀጠንሽ ፍሳሹ ውስጥ ድፊው፤ እሑድ ስትመጪ ደግሞ ደብተርሽን ይዘሽ ነዪ።